በርሜሉ ውስጥ የገባው ቢጫ፦ የባንግላዴሽ እርድ መፈተጊያዎች ጉዳይ

እርድ ከመሬት ሲወጣ ለዓይን አያምርም። ጭቃ የለበሰ፣ ሥራሥር የበዛበት፣ ቡናማ ቅርፊት ያለው ሥር ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ቢጫ ዱቄት ለመሆን ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ይፈተጋል። ፍተጋው የሚካሄደው በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ነው፤ የደረቁት የእርድ ጣቶች፣ ማለትም ከእናቱ ሥር የበቀሉት ቅርንጫፎች፣ እርስ በርስና ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር እየተፋጩ ቅርፊታቸውን ይጥላሉ። በባንግላዴሽ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአንዳንዶቹ በርሜሎች ከእርዱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ሲጨመር ኖሯል። ይኸውም ሊድ ክሮሜት የሚባለው፣ ለግድግዳና ለብረት ቀለም የተሠራ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ደማቅ ቢጫ ዱቄት ነው።

ነገሩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የጤና ታሪክ ወይም የነጋዴ ስግብግብነት ታሪክ ሆኖ ነው የሚነገረው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የድኅረ ምርት ማሽን የሚነድፍ ሰው ግን ሌላ ነገር ያይበታል፦ ቀለሙ የገባው በመፈተጊያው ቢሆንም የተጠራው ከማድረቂያው ነው። በደንብ ባልደረቀ እርድ ላይ የተፈጠረ ጉድለት አንድ እርከን ወርዶ በሌላ ማሽን ውስጥ ተሸፈነ። በዚህ ጽሑፍ የማደርገው ጉዳዩን በዚህ ዓይን መልሶ ማየት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆነው ነገር

መነሻው እርድ አልነበረም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በዳካ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በገጠር ባንግላዴሽ ነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ሲለኩ፣ ከተመረመሩት 30 በመቶ በሚበልጡት ላይ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ አገኙ። እነዚህ ሴቶች የሚኖሩት ፋብሪካና የመኪና ጭስ በሌለበት የእርሻ አካባቢ ነው። እርሳሱ ከየት መጣ? ሩዙ፣ አፈሩ፣ የግብርና ኬሚካሉ፣ የምግብ ማስቀመጫ ቆርቆሮው፣ እርዱ ሁሉ ተመረመረ። እርሳስ እንደተቆፈረበት ቦታ የአይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የእርሳስ አተሞች) ምጣኔው ስለሚለያይ በደም ውስጥ የተገኘውን እርሳስ ከምንጩ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከሁሉ ይበልጥ የገጠመው የእርዱ ነበር።

ቀጥሎ በስታንፎርዷ ተመራማሪ በጄና ፎርሳይት የሚመራው ቡድን የእርዱን መንገድ ከእርሻው እስከ ገበያው ተከተለ። በ2019 የታተመው ውጤት እርድ በብዛት ከሚመረትባቸው 9 አውራጃዎች በ7ቱ የቀለሙ ማስረጃ መገኘቱን ያሳያል። በአገሪቱ ደንብ በአንድ ግራም እርድ ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ 2.5 ማይክሮግራም ሆኖ ሳለ ከፍተኛው ልኬት 1,152 ማይክሮግራም ደረሰ፤ ከተፈቀደው ከ450 ጊዜ በላይ ማለት ነው። በናሙናዎቹ ውስጥ እርሳስና ክሮሚየም በአተም ቁጥር ተቀራራቢ ሆነው መገኘታቸው ጥርጣሬውን ዘጋው፤ በሊድ ክሮሜት ውስጥ ለአንድ የእርሳስ አተም አንድ የክሮሚየም አተም ነውና። ከአፈር ወይም ከመስኖ ውኃ የመጣ እርሳስ እንዲህ ዓይነት ተመጣጣኝ ጓደኛ ይዞ አይመጣም።

ለማሽን ነዳፊ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግኝት ቦታው ነው። ቀለሙ በእርሻ ላይ አልነበረም። በቤት ውስጥ ቅቅያም አልነበረም። በዋናነት የተገኘው በመፈተጊያ ቤቶች ነው፤ በወለላቸው አቧራና በዙሪያቸው ባለው አፈርም ጭምር። ነጋዴዎችና የመፈተጊያ ሠራተኞች ልማዱ የተጀመረው በ1980ዎቹ እንደሆነ ተናገሩ። በአንድ ትልቅ የጎርፍ ዓመት እርዱ እርጥብና ፈዛዛ ሆኖ ቀረ፤ ገዢው ግን የለመደው ደማቅ ቢጫ ነው። ክፍተቱን አንድ እፍኝ የቀለም ዱቄት ሞላው። ጎርፉ አለፈ፣ ልማዱ ግን ቆየ፤ ፈዛዛ እርድ በየዓመቱ አለና።

እርዱ የሚፈዝበት ቦታ

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ሥራውን ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል።

እርድ ከተተከለ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ይቆፈራል። በደቡብ እስያ ይህ በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። እናቱ ሥርና ከእርሷ የበቀሉት ጣቶች ይለያያሉ፤ እናቲቱ ወፍራም ስለሆነች ለመብሰል የበለጠ ጊዜ ትፈልጋለችና አብሮ መቀቀል አንዱን ጥሬ ወይም ሌላውን የላሸቀ ያደርገዋል። ከተቆፈረ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንዲቀቀል ይመከራል። በውኃ የሚደረገው ቅቅል ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። አረፋ ሲወጣና ነጭ እንፋሎት የእርዱን ልዩ ሽታ ይዞ ሲነሣ መድረሱ ይታወቃል፤ ጣቱን ሲጫኑት ለስለስ ማለት፣ በዱልዱም እንጨት ሲወጉት መግባት አለበት።

ቅቅሉ ለወግ የሚደረግ አይደለም። ስታርቹ ይበስላል፣ የጥሬው ሽታ ይጠፋል፣ ቀለሙ ከመሐል እስከ ጠርዝ በእኩል ይሰራጫል፣ ማድረቂያ ጊዜውም ያጥራል። በጣም ከተቀቀለ ቀለሙ ይበላሻል፤ ካልበሰለ ደግሞ የደረቀው ጣት ተሰባሪ ይሆናል። ትልቅ ድስት ውስጥ በማገዶ የሚቀቅል ገበሬ እነዚህን ሁለት ጥፋቶች በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ከታች ያለው ይላሽቃል፣ ከላይ ያለው ሳይበስል ይቀራል። በሕንድ የታሚል ናዱ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ያስፋፋው የእንፋሎት መቀቀያ የመጣው ይህን ለማረም ነው፦ እርዱ ቀዳዳ ባላቸው በርሜሎች ውስጥ ይቀመጣል፣ ውኃው ከታች ብቻ ይፈላል፣ የሚያበስለው እንፋሎቱ ነው። ድስት ሙሉ ውኃ ማሞቅ ስለሚቀር ማገዶ ይቆጥባል፤ እንፋሎቱ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚገባም መብሰሉ የተስተካከለ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማድረቅ ነው። የችግሩ ሁሉ እናት ይህ እርከን ነው።

ስሌቱን በእጃችን እናውጣው። 100 ኪሎ ግራም የተቀቀለ እርድ ውስጥ 80 በመቶው ውኃ ነው እንበል። ደረቁ ነገር 20 ኪሎ ግራም ነው። እርጥበቱ 10 በመቶ ሲደርስ ክብደቱ 22.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ወደ 78 ኪሎ ግራም ውኃ መትነን አለበት። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ከሥር ውስጥ ለማውጣት 2.4 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ከወሰደ አጠቃላዩ 187 ሜጋጁል ነው። ፀሐያማ ቀን ለአንድ ካሬ ሜትር መሬት 18 ሜጋጁል ቢሰጥና ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ብቻ ለማትነን ቢውል፣ በካሬ ሜትር በቀን 5.4 ሜጋጁል ይተርፈናል። 187ን ለ5.4 ስናካፍል 35 ይሆናል፤ ሠላሳ አምስት ካሬ ሜትር ለአንድ ቀን፣ ወይም አንድ ካሬ ሜትር ለሠላሳ አምስት ቀን ማለት ነው።

አሁን ይህን ከገበሬው ልማድ ጋር እናስተያይ። የሚመከረው የአሰጣጥ ውፍረት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ውፍረት 100 ኪሎ ግራም የሚይዘው ቦታ ሦስት ካሬ ሜትር አይሞላም፤ 2.8 ያህል ነው። 35 ለ2.8 ሲካፈል 12 ቀን ተኩል ይመጣል። በደቡብ እስያ እርድ አምራቾች ዘንድ የተለመደው የማድረቂያ ጊዜ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ቀን ነው። ገበሬው ያለ ምክንያት አልዘገየም፤ ፀሐይዋ የምትችለው ይህን ያህል ነው። ሣሣ አድርጎ ያስጣው እንዳይባል ደግሞ በጣም ከሣሣ የላዩ ቀለም ይደበዝዛል፤ ኩርኩሚን የሚባለው ቢጫው ንጥረ ነገር ብርሃን አይወድም።

እንግዲህ በእነዚያ 12 ቀናት መሐል ሦስት ቀን ደመና ይግባ። ወይም ሌሊት ሳይሸፈን ጤዛ ይውረድበት። ወይም ገበሬው ዕዳ ስላለበት በዘጠነኛው ቀን ሰብስቦ ይሽጠው። ላዩ የደረቀ፣ ውስጡ ገና የረጠበ ጣት ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ይሻግታል፣ ይጠቁራል። መፈተጊያ ቤት ሲደርስ የትኛውም በርሜል ይህን መልሶ ቢጫ ሊያደርገው አይችልም። በርሜል ቅርፊት ነው የሚያነሣው፤ ቀለም አይፈጥርም። በባንግላዴሽ የሆነው፣ በርሜሉ የማይችለውን ሥራ እንዲሠራ መጠየቁ ነው።

በርሜሉ ራሱ

የእርድ መፈተጊያ ቀላል ማሽን ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ቀላል። በአንድ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ በርሜል፣ እርዱ የሚገባበትና የሚወጣበት በር፣ የእጅ መዘውር ወይም ሞተር። በኮዚኮድ የሚገኘው የሕንድ የቅመማ ቅመም ምርምር ተቋም የሚመክረው ዓይነት ግድግዳው ከተዘረጋ የብረት መረብ የተሠራ ሲሆን በደቂቃ 30 ጊዜ ይዞራል። ሠላሳ ለምን ሆነ? 90 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው በርሜል በደቂቃ 45 ጊዜ ገደማ ቢዞር እርዱ በክብ እንቅስቃሴው ግፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮት ይዞራል፤ ምንም አይፋጭም። በጣም ከዘገየ ደግሞ ከታች ተኝቶ ይንሸራተታል። ሠላሳ የዚያ ወሰን ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ይወጡና ከሌሎቹ ላይ ይወድቃሉ፣ ፍተጋውም በዚያ ይሆናል።

ትኩረት የሚሻው ግን ግድግዳው ነው። ግድግዳው መረብ ሲሆን ቅርፊቱና አቧራው እየተራገፈ ይወድቃል። ግድግዳው ድፍን ላሜራ ሲሆን የተፈተገው ዱቄት ከእርዱ ጋር ይቆያል፣ የተጨመረበት ዱቄትም እንዲሁ። ደረቅ ሥር በዝግ በርሜል ውስጥ ከደቃቅ ዱቄት ጋር ማንከባለል በመድኃኒትና በከረሜላ ፋብሪካ የሚታወቅ ሥራ ነው፤ መለበጥ ይባላል። ስለዚህ ድፍን መፈተጊያ በርሜል ባለቤቱ ቢያስብም ባያስብም የመለበጫ ማሽን ነው። መረብ ግድግዳ ማጭበርበርን አያስቀርም፤ የሚያጭበረብር ሰው ሌላ መላ አያጣም። ግን ቀለሙ ወለል ላይ የሚፈስበት ማሽን በእርግጥ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ በነዳፊው እጅ ያለው ምርጫም ይህን ያህል ነው።

አስገራሚው ነገር እርድን የመለበጥ ሕጋዊ መንገድ መኖሩ ነው። ይኸው የሕንድ ተቋም በሚመክረው አሠራር በከፊል ለተፈተገ 100 ኪሎ ግራም እርድ 2 ኪሎ ግራም ያህል የራሱ የእርድ ዱቄት ተጨምሮ ይንከባለላል። ላዩ ይደምቃል፣ የሚበላውም እርድ ነው። ታዲያ ለምን ሊድ ክሮሜት? ምክንያቱ የሂሳብ ይመስለኛል። የእርድ ዱቄት የተጠቆረ ጣትን አይሸፍንም፤ ኩርኩሚን የሚያሳልፍ ቀለም ነውና ከሥሩ ያለው ጥቁረት ይታያል። ሊድ ክሮሜት ድፍን ቀለም ነው፤ ግድግዳ እንዲሸፍን የተሠራ ነውና ሻጋታንም ይሸፍናል። በዚያ ላይ ጥቂቱ ብዙ ያደምቃል፣ እንደ ኩርኩሚንም በፀሐይ ቶሎ አይደበዝዝም። ጥሩ ጣት የሚያመጣ ሰው ሊድ ክሮሜት አያስፈልገውም። መጥፎ ጣት የያዘ ሰው ግን በሌላ ነገር ሊተካው አይችልም።

ሠራተኞቹን መዝለል አይገባም። በርሜሉ ሲዞር የሚነሣው አቧራ ክዳንና መምጠጫ በሌለበት ቤት ውስጥ ነው። ቀለሙን በእጁ የሚዘግነው፣ ጆንያውን የሚያራግፈው፣ ወለሉን የሚጠርገው ሰው ከማንም ቀድሞ ይተነፍሰዋል። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ እድገት ያለው ጠንቅ በጣም የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። የመፈተጊያ ሠራተኛ አቧራውን በልብሱ ይዞ ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

እንዴት ቆመ

ይህ ክፍል አጭር ይሁን፤ ምክንያቱም በሚገርም ፍጥነት ነው የሆነው።

ጥናቱ በመስከረም 2019 በወጣ ጊዜ የባንግላዴሽ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነገሩን ይዞ ተነሣ። በወቅቱ የባለሥልጣኑ ሰብሳቢ ሳይዳ ሳርዋር ጃሃን ነበሩ። ቀለም ያለበትን እርድ መሸጥ ወንጀል መሆኑን የሚገልጹ ወደ 50,000 የሚጠጉ ማስታወቂያዎች በየገበያው ተለጠፉ። በዳካ የሻምባዛር ጅምላ ገበያ ተንቀሳቃሽ ችሎት ገባ። መርማሪዎቹ የያዙት በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መለኪያ ነበር፤ እርዱ ላይ ደግነው በደቂቃዎች ውስጥ እርሳሱን ያነባሉ። ሁለት ጅምላ ነጋዴዎች 800,000 ታካ (የባንግላዴሽ ገንዘብ) ተቀጡ፣ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ እርድ ተወረሰ፣ ሁሉም በቴሌቪዥን ታየ።

ውጤቱ በ2023 በታተመ ተከታታይ ጥናት ተመዝግቧል። እርሳስ የተገኘባቸው የገበያ ናሙናዎች በ2019 ከነበሩበት 47 በመቶ በ2020 መጀመሪያ ወደ 5 በመቶ ወረዱ፣ በ2021 ደግሞ ዜሮ ሆኑ። በ2017 የቀለም ማስረጃ የተገኘባቸው መፈተጊያዎች 30 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 አንድም አልተገኘም። የመፈተጊያ ሠራተኞች የደም እርሳስ መጠን በሚዲያን (በመሐለኛው ልኬት) 30 በመቶ ቀነሰ።

ለዚህ ስኬት የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ቁርጠኝነት ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ምክንያት የሰንሰለቱ ቅርጽ ይመስለኛል። የገበሬው ቁጥር እጅግ ብዙ ነው፣ የበላተኛው ከዚያም ይበልጣል። መሐል ላይ ያሉት መፈተጊያ ቤቶችና ጅምላ ገበያዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ እርዱ ሁሉ በእነርሱ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው። ጠባቡ ቦታ ማሽኑ ያለበት ቦታ ነበርና ቁጥጥሩ የት እንደሚቆም ማሽኑ ራሱ አመለከተ። እያንዳንዱ ገበሬ ቀለሙን በጓሮው ቢጨምረው ኖሮ ኤክስሬይ መለኪያ ይዞ አገር ማዳረስ በማን አቅም ይቻላል? እኛ አገር በርበሬ ላይ የሚቀላቀለውን የጡብ ዱቄት ለመያዝ ያለውን አስቸጋሪነት ያየ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ይረዳዋል፤ በየሰፈሩ የሚፈጭ ነገር ጠባብ በር የለውም።

ያልተዘጋው ጉዳይ

ቀለሙ ከገበያ ወጣ። ፈዛዛው እርድ ግን አልወጣም፤ የሚያደበዝዘው ዝናብ፣ ጤዛና ችኮላ ዛሬም አለ። ጅምላ ገዢው ዛሬም ጣቱን በዓይኑ ነው የሚመዝነው። ለእኔ የጉዳዩ ከባድ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው፦ መፈተግ ራሱ ለማን ነው? ብዙው በላተኛ እርድን የሚያውቀው ተፈጭቶ ነው። የሚያንጸባርቀውን ሙሉ ጣት የሚያዩት ነጋዴዎች ብቻ ናቸው። ማለት አንድ ሙሉ እርከን፣ ማሽኑ፣ ሞተሩ፣ አቧራውና በስተመጨረሻም እርሳሱ፣ ከወፍጮ ቤት በር ላይ ለሚቀር ውበት ሲባል ተሠርቷል። ቅርፊቱና ሥራሥሩ መነሣቱ ለንጽሕና ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ለዚያ ቀላል ፍተጋ ይበቃል፤ እንደ ሰም የሚያበራ ጣት አያስፈልግም።

የድሮው በርሜል ጣጣም አለ። እርሳስ አይበሰብስም። በመገጣጠሚያዎቹ ስንጥቅ፣ በወለሉ፣ በግቢው አፈር የቀረው ዱቄት ቀለም ገዝቶ የማያውቅ ባለቤትንም እርድ ይበክላል። መፈተጊያ የሚሠራ ብረት ቤት ከዚህ የሚወስደው ነገር ግልጽ ነው፦ ውስጡ የሚታጠብ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ብየዳው የተሞረደ በርሜል፤ ከሥሩ አቧራውን የሚይዝ ትሪ፤ ከላዩ መሸፈኛና መምጠጫ። ውድ ዕቃ የለበትም።

ወደ ኢትዮጵያ ስናመጣው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ለአልጫ ወጣችን የሚሆነው እርድ የሚበቅለው በሸካ፣ በቤንችና በአካባቢያቸው ባለው እርጥብ ደን አገር ነው፤ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከላችንም ያለው እዚያው ቴፒ ላይ ነው። አካባቢው ለእርድ ተስማሚ የሆነው ዝናብ ስለማያጣ ነው፤ ለማድረቅ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ የገበሬዎች ማኅበር በቀን 10 ኩንታል ይቀቅላል ብለን ከላይ ባለው ስሌት እንሂድ። በየቀኑ 28 ካሬ ሜትር ማስጫ ይሞላል። አንዱ ዙር እስኪደርቅ 12 ቀን ከወሰደ በአንድ ጊዜ 336 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ ደመናው የፀሐይዋን ግማሽ ከወሰደ ደግሞ እጥፉ። በማገዶ እናድርቀው ቢባል ለ10 ኩንታል 1,870 ሜጋጁል ይጠይቃል፤ አንድ ኪሎ ግራም እንጨት 15 ሜጋጁል ቢሰጥና ምድጃው 30 በመቶውን ቢጠቀም በየቀኑ ከአራት ኩንታል በላይ እንጨት ማለት ነው። ከሸካ ደን ላይ ያንን ያህል እየቆረጡ እርድ ማድረቅን የሚደግፍ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ገንዘቡ በመጀመሪያ ወደ ሚያብረቀርቅ መፈተጊያ መሄድ የለበትም። የእንፋሎት መቀቀያ፣ ቀጥሎ መክተፊያ፣ ከዚያም አየር የሚያሳልፍ ባለ ላስቲክ ጣራ ማድረቂያ፣ ከተረፈ መፈተጊያ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መክተፍ የሚተነውን ውኃ መጠን አይቀንስም፤ ውኃው ከመሐል ወደ ላይ የሚጓዝበትን መንገድ ግን ያሳጥራል። ያ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይጠጋል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚረጥበው ጣትም ይቀራል። ዋጋ አለው፦ የተከተፈ እርድ ተናኝ ዘይቱን ቶሎ ያጣል፣ ብርሃንም በሁለት በኩል ያገኘዋል። ስለዚህ ጣራው ብርሃኑን የሚያጠላ፣ የውስጡ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ የማያልፍ መሆን አለበት።

ለውጭ ገበያ ሙሉ ጣት የሚፈልግ ገዢ ካለ ለእርሱ የሚሆነው ተለይቶ በጥንቃቄ ይደርቅ፤ ከሁሉ የተሻለው፣ ወፍራምና ቀጥ ያለው ጣት። የቀረው የሚሄደው ወደ አገር ውስጥ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ደግሞ የጣቱን ቅርጽ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እርጥበት መለኪያው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ማሳየቱን ነው፤ ማኅበሩ ከመፈተጊያው በፊት መግዛት ያለበት መሣሪያም እርሱ ነው።